የበረሃ ሜዳ፤ የካርቱም አየርና የአይሮፕላን ማረፊያው ታሪክ



አገራችን የተራራ አገር ስለሆነች፥ ስለ አይሮፕላን ጉዞ ስናስብ አስቀድሞ የሚታየን የተራራው ችግር ነው። ጉም የሸፈነው ገደል፥ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ የሚወረወረው ነፋስ፥ በአምባ ጫፍ ላይ የተጠረገችው ጠባብ ሜዳ በዐይነ ሕሊናችን ይመጡብናል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው፥ «በረሃ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረ? ምድሩ ሁሉ ደልዳላ፥ ሰማዩ ሁሉ የጠራ ነው፤ አይሮፕላኑ በወደደበት ያርፋል» ብሎ ይገምታል።

ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን የአይሮፕላን ታሪክ ያስተምረናል። በረሃ ሜዳ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሜዳ ሁሉ ማረፊያ አይደለም። የጠራ የሚመስለውም ሰማይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተለውጦ ዐይንን የሚያሳውር ግድግዳ ሊሆን ይችላል። የበረሃውን ሜዳ ማረፊያ ያደረገው የምድሩ ደልዳላነት ብቻ ሳይሆን፥ በምድር ላይ ቆሞ ሰማዩን የሚመለከትና ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለነጂው የሚነግር ሰው መገኘቱ ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህን ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ሩቅ አገር አይደለም። ከአገራችን የወጣው ዐባይ ከነጭ ዐባይ ጋር የሚገናኝባትን ካርቱምን እንመለከታለን። በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዘመን፥ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 386 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደልዳላ ምድር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ለዚያ አገር ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋሱም ከሰሜን ይነፍሳል። ከመጋቢት ጀምሮ ሐሩሩ ይበረታል፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የዘወትር ነገር ነው። በክረምት ወራት ደግሞ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከደቡብ ይመጣል፤ ጥቂት ዝናምም ያመጣል። አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ማዞር ስለሚሻ፥ የካርቱም መንደርደሪያ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል፤ ርዝመቱም ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ መሐንዲሱ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት የሜዳውን መልክ የወሰነው ነፋሱ ነው ማለት ይቻላል።

ወደዚህች ከተማ ከካይሮ በአየር የመጣው የመጀመሪያው ሰው ማርክ ፑርፕ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው በ1914 በጃንዋሪ ወር ከካይሮ አጠገብ ከሄልዮፖሊስ ተነሥቶ፥ በአንዲት ትንሽ ሞራን ሶልኒዬ አይሮፕላን ካርቱም ገባ። የመጣበትን ወር ልብ በሉ። ጃንዋሪ በዚያ አገር አየሩ የቀዘቀዘበት ወር ነው። በጁን ቢሆን ኖሮ፥ ያን ጊዜ የነበረው ደካማ ሞተር ያንን ሐሩር ይችለው ነበር ለማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት ፍራንክ ማክሊን የተባለ እንግሊዛዊም በውሃ ላይ በሚያርፍ አይሮፕላን የዐባይን ወንዝ ተከትሎ ካርቱም ደርሷል። በዚያ ዘመን ነጂውን የሚመራው ወንዙ ነበረ። ውሃው መንገድም፥ ማረፊያም፥ ምልክትም ሆኖ ያገለግለው ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1920፥ ፒየር ቫን ራይንቬልድና ኩዊንቲን ብራንድ የተባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ መኰንኖች ከለንደን እስከ ኬፕ ታውን በአንድ ቪከርስ ቪሚ አይሮፕላን ለመሄድ ተነሡ። አይሮፕላኑን «ሲልቨር ኩዊን» ብለው ሰይመውት ነበር። ሜዲትራኒያንን ተሻግረው፥ ግብፅን አቋርጠው፥ ወደ ሱዳን ሲያቀኑ የሞተሩ ራዲያተር ማፍሰስ ጀመረ። የሞተሩ ውሃ ካለቀ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ኮሮስኮ በተባለው ስፍራ አጠገብ፥ ከዋዲ ሐልፋ በስተሰሜን፥ በሌሊት ለማረፍ ተገደዱ። ከላይ ሲያዩት ለማረፍ የተመቸ የሚመስለው ምድር በጨለማ ውስጥ የድንጋይ ወጥመድ ሆኖ ቆያቸው፤ አይሮፕላናቸውም ተሰበረ። እነርሱ ግን በሕይወት ተረፉ።

ሌላ አይሮፕላን ተሰጥቷቸው ካርቱምን አልፈው እስከ ቡላዋዮ ደረሱ። ቡላዋዮ በረሃ አይደለችም፤ ከፍታዋ ግን ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያም ለመነሣት ሲንደረደሩ፥ የተጫነው አይሮፕላን በሳሳው አየር ውስጥ በቂ ኀይል ስላላገኘ ወደቀና ተሰበረ። ጉዟቸውንም በሦስተኛ አይሮፕላን ፈጸሙ። አንዱ አይሮፕላን በበረሃው ሌሊት፥ ሌላው በሳሳ አየር ምክንያት ጠፋ። ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ድረስ በየአይሮፕላን ነጂዎች ትምህርት ቤት ይነገራል።

አየር ይሳሳል ስንል ምን ማለታችን ነው? አንባቢዎቻችን በደጋ ስለምትኖሩ፥ ወደ ላይ በወጡ መጠን አየሩ እየሳሳ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን፥ ሙቀትም እንደ ከፍታ ሁሉ አየርን የሚያሳሳ መሆኑን ነው። የሞቀ አየር ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀላል። የአይሮፕላን ክንፍ የሚደገፈው በአየሩ ክብደት ስለሆነ፥ አየሩ ሲቀል ድጋፉ ይቀንሳል። ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይደክማል።

የአይሮፕላን ነጂዎች ይህንን በቁጥር ያሰሉታል። በተወሰነው የዓለም መለኪያ መሠረት በካርቱም ከፍታ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ከዚህ በላይ በሚጨመረው በእያንዳንዱ ዲግሪ፥ ሜዳው 36 ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ እንዳለ ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ በአንድ የግንቦት ቀን በካርቱም ሙቀቱ 43 ዲግሪ ቢደርስ፥ 386 ሜትር የነበረው ሜዳ ለአይሮፕላኑ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳለው ሜዳ ይሆንበታል። ምድሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ፀሐይ ግን ቆላውን ወደ ደጋ አወጣችው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ለአይሮፕላን 3,000 ሜትር ያህል ትሆንበታለች። ስለዚህ የሳሳ አየር ለእኛ አገር ነጂዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ ተራራው የሚያደርገውን፥ በካርቱም ፀሐይ ታደርገዋለች።

ከዚህ የሚመጣው ችግር በመነሣት ጊዜ ብቻ አይደለም። አየሩ የሳሳ ሲሆን አይሮፕላኑ ሳይወድቅ በአየር ላይ ለመቆየት ፈጠን ማለት አለበት፤ በፍጥነት የበረረም በፍጥነት ያርፋል። በቀዝቃዛና በዝቅተኛ ስፍራ በሰዓት በ230 ኪሎ ሜትር መሬት የሚነካ አይሮፕላን፥ በዚያ ባልነው የካርቱም ቀን ወደ 248 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይነካል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል 16 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሚያስፈልገውም ሜዳ ይረዝማል። ፍሬኑና ጎማው ራሳቸው ደግሞ በሐሩሩ ስለሚግሉ በቶሎ አይቀዘቅዙም።

በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1931 ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከለንደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚሄደውን መሥመር ሲከፍት፥ ካርቱም ከታላላቆቹ ማረፊያዎች አንዷ ሆነች። መንገደኞቹ ከካይሮ በየብስ አይሮፕላን መጥተው፥ ካርቱም ሲደርሱ በውሃ ላይ ወደሚያርፈው አይሮፕላን ተዛውረው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይቀጥሉ ነበር። በዚያ ዘመን በበረሃው ላይ የሚደረገው ጉዞ በማለዳ እንዲጀመር ይደረግ ነበር። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፥ ጎሕ ሲቀድ አየሩ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው። ሁለተኛ፥ ፀሐይ አሸዋውን ካጋለችው በኋላ የሞቀው አየር እንደሚፈላ ውሃ ወደ ላይ እየወጣ አይሮፕላኑን ያንገጫግጨዋል። መንገደኛው በሌሊት መቀስቀሱን ይጠላው ይሆናል፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ የሚበር መንገደኛ ምን እንደሚደርስበት ቢያውቅ ኖሮ የቀሰቀሰውን ሰው ያመሰግነው ነበር።

ሐሩሩ የነጂውንም ዐይን ያታልላል። በጋለው መንደርደሪያ ላይ ያለው አየር ብርሃንን ስለሚያጎብጥ፥ ሰማዩ በምድር ላይ ተንጸባርቆ ሜዳው ውሃ የተኛበት ይመስላል። በዙሪያው ዛፍም ቤትም ከሌለ፥ ነጂው ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ የሚለካበት ነገር ያጣል። ከፍ ብሎ ሳለ ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ወይም መሬቱን ሳያስበው ይመታዋል። ስለዚህ በበረሃ የሚያርፍ ነጂ ከዐይኑ ይልቅ መሣሪያውን እንዲያምን ይመከራል።

አሁን ደግሞ የካርቱምን ስም በአየር ጠባይ መርማሪዎች ዘንድ ወዳስጠራው ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም ሐቡብ ነው። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን «ነፈሰ» ከሚለው የወጣ ነው። ኤል. ጄ. ሳተን የተባለ መርማሪ ስለ ሐቡብ የጻፈውን ጥናት በ1925 በእንግሊዝ አገር በታተመ የአየር ጠባይ መጽሔት አውጥቷል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በተሰበሰበው መዝገብ መሠረት፥ ካርቱም በዓመት በአማካይ 24 ያህል ሐቡብ እንደምታይ ይነገራል። አብዛኛው የሚመጣው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፥ ይልቁንም ከቀትር በኋላና በምሽት ነው።

የሐቡብ አፈጣጠር እንዲህ ነው። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና በሩቅ ይቆምና ዝናም ይጥላል። ከደመናው በታች ያለው የበረሃ አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ፥ ዝናሙ መሬት ሳይደርስ አብዛኛው ይተናል። ውሃ ሲተን እንደሚያቀዘቅዝ በእንስራችን እናውቃለን፤ እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ላቡ በላዩ ላይ ስለሚተን ነው። በደመናው ሥር ያለውም አየር እንደዚሁ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይከብዳል፤ ሲከብድም ወደ ምድር ይወድቃል። መሬት ከመታ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለው፥ በወለል ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ በየአቅጣጫው ይሮጣል። በሩጫውም ፊት ፊቱን የደረቀውን አፈር እየጠራረገ ወደ ላይ ያነሣዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ፥ ከፍታውም ከ1,000 ሜትር ሊበልጥ የሚችል ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ከተማይቱ ላይ ይደርሳል። ቀኑ ይጨልማል፤ ሙቀቱም በድንገት ይቀንሳል። የአቧራው መጠን እስኪቀል ድረስ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚነካ ነገር አለ። ወደ ካርቱም ከምሥራቅ ከሚመጡት የዝናም ማዕበሎች ውስጥ አንዳንዶቹ የሚወለዱት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። ደጋው ቀን በፀሐይ ሞቆ ደመና ያነሣል፤ ደመናውም ከፍ ባለው ነፋስ ተገፍቶ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ዐባይ የደጋችንን ውሃና አፈር እንደሚወስድ እናውቃለን፤ ነጎድጓዳችንም በበኩሉ ቈላ ወርዶ የሱዳንን አቧራ ያስነሣል ማለት ነው።

ለአይሮፕላን ነጂ ሐቡብ ሦስት ዐይነት አደጋ አለው። የመጀመሪያው ዐይን መታወሩ ነው። በዚህ ረገድ በጣም አታላይ የሆነው ግን ወፍራሙ ሐቡብ ሳይሆን፥ ሐቡቡ ካለፈ በኋላ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ስስ አቧራ ነው። ነጂው በሜዳው አናት ላይ ሲደርስ ቁልቁል ቢመለከት መንደርደሪያውን ያየዋል፤ አቧራው ከላይ ወደ ታች ሲታይ ስስ ነውና። «እነሆ ሜዳው ይታያል» ብሎ ለማረፍ ዞሮ ሲመጣ ግን፥ አሁን የሚመለከተው በአግድም በብዙ ኪሎ ሜትር አቧራ ውስጥ ስለሆነ፥ አይቶት የነበረው ሜዳ ከዐይኑ ይጠፋል። በክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋም ይህ ይደርሳል። በሌሊት በከፍታ ላይ ሲሮጥ ያደረው የሰሜን ነፋስ፥ ጧት ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ወደ ታች ይወርድና አቧራ ያስነሣል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ የጠራ የነበረው ሜዳ በረፋድ ሊደበዝዝ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የማይታየው ነፋስ ነው። ከደመናው የሚወድቀው ቀዝቃዛ አየር አቧራ ባያነሣ እንኳ አይሮፕላንን ይጥላል። ለማረፍ የሚወርድ አይሮፕላን መጀመሪያ ነፋሱን ከፊቱ ያገኘዋል፤ ከፍ ከፍ ስለሚያደርገውም ነጂው የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ወዲያውም ወደ ታች የሚገፋ አየር ያገኘዋል፤ ቀጥሎም ነፋሱ ከኋላው ይመጣና ክንፉ የሚደገፍበትን ይነሣዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን ነገር በግልጽ ያስረዳው ቴትሱያ ፉጂታ የተባለው የጃፓን ተወላጅ ሊቅ ነው፤ እርሱም በ1975 በኒው ዮርክ የደረሰውን የአይሮፕላን አደጋ መርምሮ የደረሰበት ነው። ከዚያ ወዲህ ነጂዎች ሁሉ ከነጎድጓድ ደመና ሥር ለማረፍ እንዳይሞክሩ በጥብቅ ይማራሉ።

ሦስተኛው አደጋ የነዳጅ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ አንዱ ሜዳ ቢዘጋ ሌላው ቅርብ ነው። ከካርቱም እስከ ፖርት ሱዳን ግን 650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወደ በረሃ የሚሄድ ነጂ፥ ሜዳው ቢዘጋበት ወደ ሌላ ሜዳ የሚያደርሰውን ነዳጅ ተርፎት እንዲገኝ መጫን አለበት። ከሐሩር ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሐሩር ሜዳ የሚሄድ ከሆነ ግን ችግሩ ይጠናበታል። ሐሩሩ «ጭነትህን ቀንስ» ይለዋል፤ አቧራው ደግሞ «ነዳጅህን ጨምር» ይለዋል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መንገደኛ ወይም ዕቃ በመቀነስ፥ ወይም ቀዝቃዛውን ሰዓት በመጠበቅ ብቻ ነው። በቀትር የሚነሣው አይሮፕላን ለምን ወደ ሌሊት እንደተላለፈ መንገደኛው ሲጠይቅ፥ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካርቱም ሜዳ እጅግ ከባድ ሥራ ተሸክሞ ነበር። ከ1940 ሴፕቴምበር ወር ጀምሮ፥ በወርቅ ጠረፍ ባለው በታኮራዲ ወደብ በመርከብ የሚራገፉት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ተገጣጥመው፥ በካኖ፥ በፎርት ላሚ፥ በኤል ፋሽርና በካርቱም በኩል አድርገው ወደ ካይሮ ይበሩ ነበር። የመንገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጦርነቱ ዘመን በዚያ የተላለፉት አይሮፕላኖች ከ5,000 በላይ ናቸው። የሞተሮቹ ታላቅ ጠላት አቧራ ነበረ። ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የሞተሩን ብረት እንደ ሞረድ ይበላዋል። በሞተሩ መተንፈሻ ላይ የአቧራ ማጣሪያ መግጠም ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ለእኛም ያ ሜዳ የሚታወስ ነገር አለው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከቆዩ በኋላ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ከካርቱም በአይሮፕላን ተነሥተው ነው ወደ ጠረፍ ሄደው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት። ከጦርነቱም በኋላ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ በኋላም ካርቱም ከሚደርስባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። የደጋ አገር አየር መንገድ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የበረሃን ሜዳ ማወቅ ነበረበት ማለት ነው።

ስለ ሐሩሩና ስለ አቧራው ይህን ካልን፥ አሁን ስለ መንደርደሪያው እንናገር። በካርቱም ዝናም ጥቂት ነው፤ የሚዘንበውም በጁላይና በኦገስት ነው። ነገር ግን ዝናም የማይበዛበት አገር በዝናም አይጎዳም ማለት አይደለም። በኦገስት 1988 በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ወርዶ ከተማይቱን አጥለቅልቋታል፤ ይህም በዓመት ከሚዘንበው የሚበልጥ ነው። ለመንደርደሪያው ደግሞ ታላቁ ዝናም ብቻ ሳይሆን ትንሹም አስቸጋሪ ነው። ለብዙ ወር ያልታጠበው ወለል አቧራ ተኝቶበታል፤ ከአይሮፕላኖች ጎማ የተፈገፈገ ጎማም ተለጥፎበታል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ሁለቱ ተቀላቅለው እንደ ቅባት ይሆናሉ። ጎማው መንደርደሪያውን መጨበጥ ይሳነዋል፤ ውሃው የበዛ እንደሆነም ጎማው ወለሉን ሳይነካ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢያዝም ምንም አይረዳ።

በጁን 10 ቀን 2008 የደረሰው አሳዛኝ አደጋ ይህንን ሁሉ በአንድ ምሽት አንድ ላይ አሳየ። አንድ ኤርባስ ኤ310 አይሮፕላን 214 ሰዎች ይዞ ከደማስቆ ተነሥቶ በአማን በኩል ወደ ካርቱም መጣ። በካርቱም የአቧራ ማዕበል ስለነበረ ማረፍ አልቻለምና ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። አየሩ ተሻለ ሲባል ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን አቧራው ዝናም አስከትሎ ስለነበረ ሜዳው ርጥብ ሆኖ ቆየው። አይሮፕላኑ መሬት የነካው ከመንደርደሪያው መጀመሪያ ብዙ ርቆ ነበር። የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት እየመለሱ አይሮፕላኑን ከሚያዘገዩት ሁለት መሣሪያዎች አንዱ አይሠራም ነበር፤ በራሱ የሚይዘውም ፍሬን አልተዘጋጀም ነበር። አይሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ ወጣ፤ እሳትም ተነሣበት። 30 ሰዎች ሞቱ።

አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ አደጋ የሚገኘውን ትምህርት ልብ በሉ። ሰዎቹን የገደላቸው የሸሹት አቧራ አልነበረም። አቧራው ሁሉ ሰው የሚያየው፥ ሁሉም የሚፈራው ነበርና ሸሹት። የጎዳቸው አቧራው ካለፈ በኋላ የቀረው ርጥበት፥ የጠፋው የሜዳ ርዝመትና ያልተሟላው መሣሪያ አንድ ላይ መገጣጠማቸው ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ሰው አይገድልም ነበር። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላሉ፤ በአየር ላይ ግን የፈሰሰውን መልሶ መልቀም የለም። ከመንደርደሪያው መጀመሪያ አርቆ ሊነካ መሆኑን ያየ ነጂ፥ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና ቢነሣና ቢዞር ውርደት አይደለም፤ ከሥራው ክብር አንዱ ነው።

የዓለም መንግሥታት ይህን ሁሉ አስቀድመው ስለተረዱ፥ በዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ የአየር ጉዞን የሚመለከት ውል ተፈራርመዋል፤ ኢትዮጵያም በዚያ ጉባኤ ከተካፈሉት አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚያ ውል በተወለደው ድርጅት ሥርዓት መሠረት፥ በየሜዳው የሚገኘው የአየር ጠባይ ተመልካች በየሰዓቱ፥ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ፥ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፥ የእይታውን ርቀት፥ ሙቀቱን፥ የአየሩንም ግፊት በአጭር ምልክት እየጻፈ ለዓለም ሁሉ ያስተላልፋል። ተራ ጭጋግ፥ በአየር ላይ የተንሳፈፈ አቧራ፥ በነፋስ የሚነዳ አሸዋ፥ የአቧራ ማዕበል እያንዳንዳቸው የተለየ ምልክት አላቸው። ነጂው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ያንን ያነብባል፤ ይሂድ ወይም ይመለስ እንደሆነም በዚያ ይቈርጣል።

ስለ መንደርደሪያው ሁኔታ ግን ለብዙ ዘመን አንድ ወጥ ቋንቋ አልነበረም። አንዱ «ርጥብ ነው» ሲል ሌላው «ያንሸራትታል» ይል ነበር፤ የቃሉም መጠን አይታወቅም። ከኖቬምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ግን በዓለም ሁሉ የሚሠራበት አንድ መለኪያ ቆመ። መንደርደሪያው በሦስት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም ክፍል ከ6 እስከ 0 የሚደርስ ቁጥር ይሰጠዋል። 6 ማለት ደረቅ፥ 5 ማለት በተለመደው መንገድ ርጥብ ሲሆን፥ ርጥብ በሆነ ጊዜ እንደሚያንሸራትት የታወቀ ወለል 3 ይሰጠዋል፤ 0 ከሆነ ማረፍ አይገባም። ያረፈው ነጂም በፍሬኑ ያገኘውን መልሶ ይናገራል፤ ከኋላው የሚመጣውም በዚያ ይጠነቀቃል።

ካርቱም ከሰማይ ሐቡብ የበለጠ ሐቡብም አይታለች። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ በከተማይቱ መካከል ያለው ይህ ሜዳ ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ፤ በላዩ ቆመው የነበሩት አይሮፕላኖች ነደዱ፤ የሕዝቡም በረራ ተቋረጠ። አቧራ ቢበዛ በጥቂት ሰዓት ያልፋል። የሰው ጠብ ግን በሜዳው ላይ ከሐቡብ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይቆያል።

እንግዲህ የንግግራችን ፍጻሜ ይህ ነው። በ1914 ነጂው ወንዙን አምኖ መጣ፤ በ1920 ዐይኑን አምኖ በሌሊት ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በምድር ላይ ያለውን ባልንጀራውን አምኖ ያርፋል። ያ ሰው ስሙ በጋዜጣ አይጻፍም፤ መንገደኛውም አያውቀውም። በሐሩር መካከል ቆሞ፥ ነፋሱን ለክቶ፥ እስከ ስንት ሜትር እንደሚታይ አይቶ፥ ሜዳውን በእግሩ ረግጦ ይጽፋል። ሜዳው ዝግ ሲሆን «ክፍት ነው» ቢል፥ ወይም ርጥቡን «ደረቅ ነው» ብሎ ቢጽፍ፥ በአንዲት ቃል የብዙ ሰው ነፍስ ይጠፋል። እውነቱን ከጻፈ ግን ማንም ሳያመሰግነው ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ ቀን በአይሮፕላን ስትሄዱ፥ «በረሃው ላይ አቧራ ስላለ እንጠብቃለን» ወይም «ወደ ሌላ ሜዳ ዞረናል» ቢሏችሁ አትቈጡ። በዚያች ሰዓት በምድር ላይ ያለ አንድ ሰው እውነቱን ነግሮላችኋል፤ በአየር ላይ ያለውም ሰምቶታል። አይሮፕላን የሚያርፈው በአሸዋና በድንጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ በታመነ ቃልም ላይ ነው።